ቢጫው ባጅ

ውሃልክ ብለው ስም ያወጡለት አብረውት ሴራሚክ የሚያነጥፉት ሰዎች ናቸው። ውሃልክ ወለሉ ቀና ይሁን ጠማማ የሚታወቅባት፣ ሆዷ ውስጥ አንዲት አረፋ የምትዋኝ መሣሪያ ናት። አረፋዋ መሀል ካልቆመች የተነጠፈው ይነቀላል፤ ልመና የለም። ሰውዬውም እንደዚያው ነበር። ለአሠሪም ሆነ ለአለቃ፣ ላሳደገችው እህቱ እንኳ፣ የጠመመውን ቀና ነው ብሎ አያውቅም። በዚህም የተነሳ ብዙ ወዳጅ አልነበረውም።

የጥርስ ሐኪሟን ያወቃት ክሊኒኳን ሲያነጥፍ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ጉንጩ አብጦ መጣ። «ና ተቀመጥ» አለችው፤ ተቀመጠ። «ክፈት» አለችው፤ ከፈተ። በትንሽ ብረት ጥርሶቹን አንድ በአንድ መታ መታ ስታደርግ፣ እሱ አፉ እንደተበረገደ ሳቅ አመለጠው።

«ምን ያስቅሃል? የታመመ ሰው ሲስቅ እኔ እፈራለሁ።»

አፉ ሲለቀቅለት፣ «እኔም በሽተኛውን የምለየው እንዲሁ ነው» አላት። ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከና በመዶሻው እጀታ ገና ካልተነቀለው አሮጌ ወለል አንዱን ሴራሚክ አንኳኳ። ድም አለ። ቀጥሎ ያለውን አንኳኳ። ኳ አለ። «ይቺ ከሥሯ ስሚንቶው አልሞላላትም። ላይዋን ብታዪው እንደ እህቶቿ ናት። ሰው ሲረግጣት ውላ አድራ ትሰነጠቃለች።»

ሐኪሟ ነጭ ጋዋኗን ሰብስባ አጠገቡ ተንበረከከችና በጣቷ አንጓ ራሷ አንኳኳች። ድም። ኳ። ድም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሰው በዘፈን ይፋቀራል፣ በሠርግ ቤት ይፋቀራል፤ እነሱ በማንኳኳት ተፋቀሩ።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። በሁለቱ ዓመት ውስጥ የሐኪሟ እናት ስለ ውሃልክ የሚያውቁት ነገር ቢኖር የክሊኒኩን ወለል ብቻ ነበር። ወለሉን ወደውታል።

*

እናትየዋ ባል ከሞተባቸው በኋላ ንግዱን ብቻቸውን ያቆሙ፣ ሲናገሩ የማይደግሙ ሴት ናቸው። በዚህ ዓመት ደግሞ አንድ ነገር ቆረጡ፤ ልጃቸው እንደ ማንም ሰው ከመንገድ ዳር መኖር የለባትም፣ አጥር ያለው፣ ጥበቃ ያለው፣ ስሙ ሲጠራ ሰው ጸጥ የሚልበት ግቢ ውስጥ ቤት ይገዛላታል። ሲጣራ ሲጣራ ሁለት ግቢ ቀረ። «አንቺ ምረጪ፣ እኔ እፈርማለሁ» አሏት። የእናት ነፃነት አሰጣጥ እንዲህ ነው።

አንደኛው ሐይቅ ዳር ይባላል። ሐይቅ አለው፤ በቧንቧ ይሞላል። ሁለተኛው ኮረብታው ይባላል። ኮረብታውን የፈጠረው እግዜር ነው፣ ዛፎቹ ግን በመኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ አለ፤ ፈረስ ያየ ሰው ግን አልተገኘም።

ኮረብታውን ውሃልክ አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ዓመት ሙሉ ቤቶቹን ሲያነጥፍ ከርሟል። የሚገባው በኋላ በር ነው። የኋላው በር የሚዞር የብረት በር ሲሆን ቢጫ ባጅ ሲያሳዩት ጢጥ ይልና አንድ ሰው ያሳልፋል። በባጁ ላይ የውሃልክ ፎቶ አለ፤ ከፎቶው ሥር «ጊዜያዊ» የሚል ቃል አለ።

ማክሰኞ ዕለት ሐኪሟ ሐይቅ ዳርን አብሯት እንዲያይ ጠራችው። የግቢው አሻሻጭ፣ በድሮ አጠራር ደላላ፣ በአሁኑ አማካሪ፣ ቀጠን ያለች ፈጣን ሴት ነበረች። እጇን ዘርግታ፣ «ባለቤትሽ ናቸው?» አለች።

«አይ፣ ባለሙያ ናቸው። ወለሉን እንዲያዩልኝ ነው» አለች ሐኪሟ፣ ሳትተነፍስ።

በሁለት ዓመት ውስጥ አንቱ ስትለው ይቺ የመጀመሪያዋ ነበረች። ክብር እንዲህ እንደሚያም ውሃልክ አያውቅም ነበር። ግን ዋጠው፤ ፍቅር የያዘው ሰው ሆዱ ሰፊ ነው።

አማካሪዋ ወረቀት ዘረጋች። «እኛ ጋ አንድ በር ብቻ ነው ያለን። ነዋሪውም፣ እንግዳውም፣ ሠራተኛውም በእሱ ይገባል። በቤቱ የሚኖር ሰው ሁሉ ግን እዚህ ስሙ ይሞላል፤ ገዢዋ እናትሽም አይተው ይፈርሙበታል። ከዚያ በኋላ ማንም አያስቆመው።»

አምስት ባዶ መስመር ነበር። ሐኪሟ በመጀመሪያው መስመር የራሷን ስም ጻፈች። እስክሪብቶው ወደ ሁለተኛው ወረደ። ውሃልክ በዓይኑ ተከተለው። እስክሪብቶው መስመሩ ላይ ቆመ፣ ቆመ፣ አንዲት የቀለም ነጥብ ጣለና ተነሳ።

«ለእናቴ ላሳያት» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው።

እሱ ተንበርክኮ ሳሎኑን ማንኳኳት ጀመረ። ድም። ኳ። ኳ። ድም። ኳ። ከአሥሩ ስድስቱ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ወለል የሠራ ሰው ማታ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል ብሎ አሰበ።

«እንዴት ነው ወለሉ?» አለችው ሐኪሟ።

ውሃልክ ያቺን የቀለም ነጥብ አሰባት። ነጥብ የጀመረ እጅ ስም ይጨርሳል አለ በልቡ።

«ደህና ነው» አላት።

በዕድሜው የመጀመሪያው ውሸት ነበር። አረፋዋ ከመሀል ሸሸች።

ከግቢው ሲወጡ፣ «የቱን ትላለህ?» አለችው።

«ሐይቅ ዳርን።»

«ኮረብታውን እኮ ራስህ ነህ ያነጠፍከው። ከራስህ ሥራ የሌላውን?»

«ሐይቅ ዳርን አልኩሽ፣ ዶክተር።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። ስታፈቅረው እንዲህ ታየው ነበር፤ ጥርስ ስትጠረጥርም እንዲሁ ነው የምታየው። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ተለያዩ።

*

ሐሙስ ደብዳቤ መጣ። ሐኪሟ ደብዳቤ የምትጽፈው ሁልጊዜ በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ ነው። ሁለቱም በስልክ ማውራት ይችላሉ፤ ግን ስልክ እናት ይሰማዋል፣ ማዘዣ ወረቀት ማንም አያነበውም።

ታላቅ እህቱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ገልብጣ፣ አራቀች። «ይሄን ፋርማሲ ወስደህ አስነብበው» አለች።

እሱ ግን ፊደሏን ያውቃል። አነበበላት።

«ኮረብታውን መርጫለሁ። እናቴም ፈርማለች። አንተ ያለ ማንም ጥያቄ የምትገባበት ግቢ እሱ ስለሆነ ነው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ቤቱን፣ አርባ አንድ ቁጥርን፣ ለዘመድ እናሳያለን። አንተም ና። ሌላውን ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

ሁለቴ አነበበው። በሦስተኛው ድምፁ ተቆራረጠ። «ነግራቸዋለች ማለት ነው። ያለ ማንም ጥያቄ ብላለች እኮ።»

«እናትየዋ ያውቃሉ ትላለች ወይ?»

«ካላወቁ እንዴት ለዘመድ በሚታይበት ቀን ትጠራኛለች?»

«እኔ እንጃ ወንድሜ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። አንተ ሞኝ ሆነህ ወረቀት ይዘሃል፤ ማን ያስለቅቅሃል?» አለችና ተነስታ የባሏን ሱፍ፣ ከረባትና ጫማ ከቁም ሳጥን አወጣች። አፏ ሲሳደብ እጇ ይተኩሳል። እህትነቷ እንዲህ ነው።

ሱፉ ትከሻው ላይ ሰፋው፤ ጫማው ጠበበው። እህቱ ራቅ ብላ አየችውና፣ «በመሀል ቤት ልክ ነህ» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጠራረገች። «ሂድ በቃ። ቀና ብለህ ግባ።»

ቀና ብሎ ሄደ። ዓመት ሙሉ ከኮረብታው ጀርባ ሲወጣ ሲወርድ፣ የፊተኛውን መንገድ አንድ ቀን ሄዶበት አያውቅም ነበር። አበባ ተተክሎበታል።

*

በፊተኛው በር ያለው ጥበቃ ውሃልክን የሚያውቀው ሽማግሌ ነው። አንዳንድ ሳምንት ከኋላ፣ አንዳንድ ሳምንት ከፊት ይመደባል።

«ውሃልክ! ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

«ቤት ቁጥር አርባ አንድ ተጠርቼ ነው።»

«ተጠርቼ» የሚለውን ቃል ሽማግሌው በጥርሱ ቀመሰው። የእንግዳ ዝርዝሩን አነሳና በጣቱ ወረደ። ከላይ እስከ ታች። ገልብጦ እንደገና ከላይ እስከ ታች።

«የለህም ልጄ።»

«እስቲ ደህና አድርገህ እየው ጋሼ። ያለ ማንም ጥያቄ ነው የተባልኩት።»

«ቆይ ቆይ።» ሽማግሌው ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ደብተር አወጣ፤ ሽፋኑ ቢጫ ነው። ገለጠ። ፊቱ በራ። «አለህ! አርባ አንድ ቁጥር፣ የቤት ጥገና፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በኋላ በር። ቋሚ ይላል!» እጁን ዘረጋለት። «እንኳን ደስ አለህ! ጊዜያዊ ነበርክ፣ ቋሚ ሆንክ።»

ሽማግሌው ከልቡ ነበር። ክፋት ቢኖረው ይቀል ነበር።

ውሃልክ የተዘረጋውን እጅ ጨበጠ። ሌላ የሚጨብጠው አልነበረም። ያን ጊዜ ከኋላው አንድ ጥቁር መኪና ቆመና መስታወቱ ወረደ። እናትየዋ ናቸው። አጠገባቸው ሐኪሟ ተቀምጣለች። ዓይኗ ከረባቱ ላይ አረፈ፤ ከረባቱን እንደ ቁስል አየችው።

«ማነው?» አሉ እናትየዋ።

ልትናገር አፏን ከፈተች። ውሃልክ አፏን አየው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ናት ክፈት የምትለው፤ ዛሬ እሱ በልቡ፣ ክፈቺ፣ ግድ የለሽም ክፈቺ አላት።

«ሴራሚኩን የሚያዩ ባለሙያ ናቸው፣ እማዬ» አለች።

«በሱፍ?» እናትየዋ ፈገግ አሉ። «ዘንድሮ ሠራተኛውም ለባሽ ሆኗል። በል ልጄ፣ ዞረህ ግባ። እንግዳው ሳይበዛ ይቺን ወለል እይልኝ።»

መኪናው ገባ። ውሃልክ ከልማድ ኪሱ የከተተውን ባጅ አንገቱ ላይ አጥልቆ አጥሩን ተከትሎ ዞረ። በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በጠባብ ጫማ ሲሆን ይረዝማል። ለምን እንዳልተመለሰ ራሱም አያውቅ። ምናልባት የጀመረውን ወለል ሳይጨርስ መሄድ ስለማያውቅበት ነው።

*

ሳሎኑ ውስጥ እንግዶች ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። ውሃልክ ክፍሉን ሲያየው ወዲያው አወቀው። ባለፈው ክረምት፣ የማን ቤት እንደሆነ ሳያውቅ፣ ያቺ ሐኪም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ቤት ቢኖራት እያለ ያነጠፈው ነው።

«እስቲ ይታይ» አሉ እናትየዋ።

በሰው ሱፍ ተንበረከከ። መዶሻ ስላልያዘ በጣቱ አንጓ ጀመረ። ድም። ድም። ድም። ወሬው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ፤ እንግዶቹ እግራቸውን እያነሱ አሳለፉት። አንዷ ሴት ሳቀችና ማንም ስላልተከተላት ተወችው።

አንድ ባዶ ፈለገ። አንዲት ብቻ። «እትዬ፣ ይቺ መነቀል አለባት» ብሎ ቀና እንዲል፣ ከዚያ ቤት ውስጥ አንድ እውነት ጮክ ብሎ እንዲናገር፣ አንዲት ኳ የምትል ሴራሚክ ለመነ። ድም። ድም። የገዛ እጁ ሥራ አልረዳውም። ነጭ የሴት ጫማ ጋ ሲደርስ ቆመ። የሐኪሟ ነበር፤ ፈቀቅ አለ። ከሥሩ ያለውን አንኳኳ።

ድም።

ተነሳ። ጉልበቱ ነጭ ሆኗል። «ምንም አይወጣለትም እትዬ።»

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅህ ይባረክ!» አሉ እናትየዋ፣ ደስ ብሏቸው። «ልጄ የመረጠችው ጥገና ሠራተኛ አንተ ነህ አይደል? ጥሩ መርጣለች። በል በማድ ቤት በኩል ውጣ፣ የሚበላ ያዙልሃል።»

ሐኪሟ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማለች። እውነተኛውን ቃል ለመናገር የቀራት ሦስት እርምጃ ነበር። ውሃልክ ጠበቃት። ብርጭቆዋን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረች።

*

የኋላው በር ጋ ስትደርስበት እየሮጠች ነበር። ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

«ለምን ሱፍ ለበስክ?» አለችው።

ብዙ ነገር ጠብቆ ነበር። ይቅርታ ጠብቆ ነበር፣ ልቅሶም ጠብቆ ነበር። ይሄን ግን አልጠበቀም።

«ግብዣ መስሎኝ።»

«ሁሉን አሰናድቼው ነበር እኮ! በሥራ ልብስህ ብትመጣ፣ ለእናቴ አስተዋውቄህ፣ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ብትመጣ ማን ይጠይቅህ ነበር? ማንም! ሻይ እናፈላለን፣ አብረን እንቀመጣለን። ኮረብታውን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ላንተ ብዬ ነው!»

«ለእኔ ብለሽ የጥገና ሠራተኛ አደረግሽኝ?»

«ሐይቅ ዳር ቢሆን ያን ወረቀት እናቴ ታነበዋለች!»

«አውቃለሁ። ሐይቅ ዳር ያልኩሽ እኮ ለዚያ ነው።»

 ድምጿ ወርዶ፣ ተሰባብሮ መጣ። «ዋሽተኸኛል። ረቡዕ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ተንበርክኬ አንኳኳሁት፤ አንተ እንዳስተማርከኝ። ኳ ኳ ነው የሚለው። ግማሽ ሌሊት ተቀምጬ አለቀስኩ። በዚህ ዓለም የማይዋሸኝ አንድ ሰው አለ ብዬ ነበር። እሱ ባዶ ወለል ላይ ሊያስቀምጠኝ ነው? ከዚያ በኋላ በምን ላይ ቆሜ ነው እናቴን የምጋፈጠው?»

ውሃልክ የብረት በሩን በእጁ ያዘ።  

«ዋሽቻለሁ። ወለሉ ባዶ ነው። ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ስሜ ቢሰፍር፣ ያን ቤት ከበሩ እስከ ጓሮው ነቅዬ እንደገና አነጥፍልሽ ነበር። ክፍል በክፍል። ዓመት ቢፈጅም። ወለል እኮ ይነቀላል፣ ዶክተር። ይሄን በር ግን ምን አድርጌ ልንቀለው?»

ጫማዋ ከእጇ ወደቀ። «ጊዜ ስጠኝ።»

«ሰጥቼሻለሁ። ሁለት ዓመት።»

«ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ውሃልኬ። እናቴ ልቧ ደካማ ነው።»

«የእናትሽ ልብ ምንም አይለውም። ቅድም በመኪናው ውስጥ ደካማ የነበረው የማን እንደሆነ አይቻለሁ።»

ይሄን ሲላት ወዲያው ጸጸተው፤ የተነጠፈ ቃል ግን በእርጥቡም አይነሳም። ዞሮ ባጁን አሳየ። ጢጥ አለ። በሩ ተሽከረከረና አሳለፈው።

ሐኪሟ ተከትላው መጣች። የነዋሪ ካርዷን፣ ዳሩ ወርቅማ የሆነውን፣ አስጠጋች። ቀይ መብራት በራ። እንደገና አስጠጋች። ቀይ። በኮረብታው ደንብ ነዋሪ በኋላ በር አይወጣም፤ ይሄን ቤት የገዛ ሰው ይሄን መብት አልገዛም።

ውሃልክ ቢጫውን ባጅ ከአንገቱ አወለቀና በብረቶቹ መሀል አቀበላት።

«ይሄ ይከፍትልሻል።»

«ያንተ ፎቶ ነው ያለው» አለች፣ እያለቀሰች።

«ማሽኑ ሰው አይለይም። ቢጫ መሆኑን ብቻ ነው የሚያየው።»

ጣቶቻቸው በብረቱ መሀል ተነካኩ። ጣቷ ቀዝቅዟል። ከላይ ከሰገነቱ የእናትየዋ ድምፅ መጣ። «የኔ ልጅ! የት ገባሽ? ኬኩ ሊቆረስ ነው፣ ሰዉ አንቺን እየጠበቀ ነው!»

ሐኪሟ ባጁን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው። ውሃልክ አላያትም፤ ካየ እንደማይሄድ ያውቃል። ቁልቁለቱን ወረደ።

አውቶቡስ መቆሚያው ከበሩ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ጀርባውን ለኮረብታው ሰጥቶ ቆመ። ጆሮው ከሳሎን ዳር ሆኖ በሌላው ዳር ያለች ባዶ ሴራሚክ የሚለይ ጆሮ ነው፤ የበሩ ጢጥ አታመልጠውም። የመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ፤ አሳለፈው። ነፋስ በመኪና የመጡትን ዛፎች ያወዛውዛል። ሁለተኛው መጣ፤ አሳለፈው። ከላይ ሳቅና ጭብጨባ ተሰማ። ኬኩ ተቆረሰ ማለት ነው። የማን እጅ እንደቆረሰው አልታየም።

ሦስተኛው ሲመጣ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ፣ «ሙሽራው! ትገባለህ ወይስ የቀረችውን ልትጠብቅ ነው?» አለው። ተሳፋሪው ሳቀ።

ገባ። አውቶቡሱ እያጓራ ተነሳ፤ ጩኸቱ መንገዱንም ኮረብታውንም ዋጠው።

እህቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጉልበቱ ላይ ያለውን ነጭ አቧራ አየች፤ ስለ ሱፉ ግን ቃል አልተናገረችም።

«ተከተለችህ?» አለችው።

«ሞተሩ ጮኸብኝ» አላት። «ሞተሩ ባይጮህ የበሩን ጢጥ እሰማ ነበር።»

እህቱ ለሰላሳ ዓመት የምታውቀውን ፊት አየችው፤ በሕይወቱ ሁለተኛውን ውሸት ሲዋሽ ነበር። ይሄኛውን ግን የዋሸው ለራሱ ስለሆነ፣ አዘነችለትና አመነችው።